ከተሰበረው ኮምፒውተር የመጣ መልስ

«አንቺ ሰይጣን ራሱ ቢመጣ ፓስዎርድ የምትጠይቂ ነሽ» አለኝ ጌቱ ፊት ለፊቴ፣ ዕቃ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ፋን ሲዞር ይሰማኛል ሲለኝ ስቄበት ነው፣ እውነቱን ነው፣ እኔ መንፈስ ምናምን ሲባል ሳቄ ነው የሚመጣው፣ አሁንም አምናለሁ አልልም፣ ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

ጌቱ ሽሮ ሜዳ፣ ከጥበብ ሱቆቹ ጀርባ፣ ባለ ሁለት ክፍል ጌም ቤት አለው። እኔ ከአስራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ኔትወርክ በመነካካት የተማርኩ ነኝ፣ ሲበላሽበት ይደውልልኛል። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት የጠራኝ የፊተኛው ክፍል ልጆች ከኋለኞቹ ጋር መጋጠም ስላቃታቸው ነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ ጌሙ ሲከፈት «ማን አለ?» ብሎ ለሁሉም ይጮሃል፣ ብሮድካስት የሚሉት እሱን ነው፣ ራውተር የሚባለው ማገናኛ ሳጥን ደግሞ ጩኸቱን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አያሳልፍም፣ አሳልፍ ብዬ አዘዝኩት፣ በቃ።

ወዲያው መልስ መጣ፣ ከናቲ ኮምፒውተር አድራሻ።

ናቲ ባለፈው ክረምት እዚያው ቤት በተነሳ ጠብ ጭንቅላቱን በሞኒተር ተመትቶ የሞተ ልጅ ነው፣ ኮምፒውተሩም ተሰባብሮ ዕቃ ቤት ተጥሏል። አልደነገጥኩም፣ እመኑኝ፣ ምክንያቱም ልጆቹ አድራሻ እየተቀማሙ ሲያስቸግሩ እያንዳንዱን አድራሻ ከየኮምፒውተሩ መለያ ቁጥር ጋር በእጄ አስሬው ነበር፣ የእሱን ሳላጠፋ ቀርቼ ይሆናል አልኩ። አጠፋሁት። ራውተሩ «ይሄ አድራሻ የማን ነው?» ብሎ እንደ አዲስ ጠየቀ፣ ያው የድሮው መለያ ቁጥር መለሰ። ዕቃ ቤት ገብቼ አየሁት፤ ገመድ የለው፣ መብራት የለው፣ ክዳኑ ላይ የደረቀ ደም አለ። ስነካው ይሞቃል፣ ውስጡ ፋኑ ቀስ ብሎ ይዞራል።

ስመለስ የናቲ ታላቅ ወንድም ደሱ፣ ከሐዘኑ ወዲህ ገና መምጣቱ ነው፣ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ስክሪኖቹ ሁሉ ላይ «ናቲ» የሚባል ተጫዋች ገብቷል።

«ሮቤል፣ በወንድሜ ስም ትቀልዳለህ አንተ?» አለው አጠገቡ የሚጫወተውን ልጅ።

ያኔ ከናቲ ጋር የተጣላው ሮቤል ነው እየተባለ ይታማል።

«እናቴ ትሙት እኔ አይደለሁም! እጄን እየው!»

እጁ እውነትም አየር ላይ ነበር፣ ስክሪኑ ላይ ግን ናቲ ይሮጣል፣ ይተኩሳል። ደሱ የት ሰምቶ፣ በኪቦርድ አፉን አለው፣ ቁልፎቹና ጥርሱ አብረው ወለሉ ላይ ተበተኑ፣ ከኋላ ክፍል የመጡት ወንበር አነሱ፣ አንዱ ጠርሙስ ሰበረ፣ ደሱ ሮቤልን አንገቱን በኬብል አንቆ መሬት ለመሬት ጎተተው፣ የልጁ ፊት ጠቆረ። ስሙ ከስክሪኑ ከጠፋ ይለቀዋል ብዬ ራውተሩን ከነገመዱ ነቀልኩት።

ናቲ አልጠፋም።

ያኔ ጌቱ የበሩን የብረት መዝጊያ ቁልቁል ጎትቶ ዘጋ። ጠብ ሲነሳ ሁሌ እንዲህ ነው የሚያደርገው፣ ዕቃ እንዳይዘረፍ፣ ጎረቤት ሰምቶ ፖሊስ እንዳይጠራ፣ ተደባድበው ሲጨርሱ ይከፍታል። መዝጊያው መሬት ሲነካ፣ ተጫዋቾች መልእክት በሚጻጻፉበት ቦታ ላይ ጽሑፍ ወጣ።

«ጌቱ ክፈት»

ቀጥሎ፣ «ጌቱ ደሜ አልቆም አለ»። ቀጥሎ፣ «ክፈት ክፈት»።

ደሱ ኬብሉን ለቀቀው። ሮቤል ወለሉ ላይ እያሳለ ትንፋሽ ይስባል።

«ወዲያው ነው ሆስፒታል ያደረስኩት አላልከኝም?» አለ ደሱ ጌቱን እያየ፣ ድምፁ ዝግ ብሎ።

«ደሱ ወንድሜ፣ ስማኝ፣ ዕቃዬን...»

«ለምን ያህል ሰዓት ዘጋህበት?»

ጌቱ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ ያመጣሽው! አጥፊው በናትሽ፣ የፈለግሽውን ልስጥሽ፣ አጥፊው!»

ራውተሩ እጄ ላይ ነበር፣ ገመዶቹ ተንጠልጥለው።

ደሱ የተሰበረውን ጠርሙስ ከወለሉ አንስቶ ወደ ጌቱ ሄደ፣ ማንም አልያዘውም። ሮቤልን በብብቱ ይዤ አስነሳሁት፣ መዝጊያውን እስከ ወገቤ ከፍ አደረግኩና ጎንበስ ብለን ወጣን። ከኋላችን አንድ ሰው መልሶ አወረደው። ሮቤልን ደግፌ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፣ ታክሲ አስቆምኩ፣ ሄድን።