መብራት ሳይሄድ የታተመው የሐዘን ባነር

ዲዛይነሩ ኪሩቤል መርሳ ከተማ ውስጥ ከሚሠራበት ማተሚያ ቤት ደረጃ ሥር አንገቱ ተሰብሮ ተገኘ። መብራት ከትናንት ምሽት ጀምሮ ጠፍቶ እስካሁን አልመጣምና ሰው ሁሉ «በጨለማ ሲወርድ ወድቆ ነው» አለ። ሰው ሁሉ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ማንም ያላየው ነው። ኢንስፔክተር በላይነሽ ይህን ታውቃለች።

እህቱ ሶስና ደጃፉ ላይ ታለቅሳለች። ወላጆቿ ከሞቱ ወዲህ ከኪሩቤልና ሁለቱን ካሳደጉት ከማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከጋሽ ግርማ በቀር ማንም የላትም። በላይነሽ ነገሩ አደጋ ቢሆን በወደደች።

መጀመሪያ ሌላውን ዲዛይነር እስራኤልን ጠየቀችው።

«ተጣልታችሁ ነበር አሉ።»

«በኮምፒውተር ነው። ከሥራ በኋላ እየቀረ የራሱን ሎጎ ሲሠራ ተራ አጣለሁ። ‹ቀን ሙሉ አንድ ዓይነት የሠርግ ካርድ ስንገለብጥ እጃችን ዶለዶመ› ይለኝ ነበር። ትናንት ከሰዓት እሱንና ጋሼን ትቼ ግራና ከተማ ለቅሶ ሄድኩ፤ እዚያው አድሬ ገና መድረሴ ነው።»

ጋሽ ግርማ ዓይናቸው ቀልቷል።

«እርስዎስ መቼ ወጡ?»

«ፀሐይ ሳትጠልቅ። ደኅና ነበር ልጄ።»

«ጄኔሬተር አላችሁ?»

«ከተቃጠለ ከረመ።»

ግድግዳው ላይ ለቀብሩ የተዘጋጀ የኪሩቤል የሐዘን ባነር ተሰቅሏል። የተለመደው ሻማና አበባ የለበትም፤ በእጅ የተሳለ ፊቱ ብቻ ነው፤ ሲያዩት ሊናገር የደረሰ ይመስላል። በላይነሽ አይታው ቆየች፤ ከዚያ ሦስቱንም ጠራቻቸው።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ» አሉ ጋሽ ግርማ። «ልጄ ያለ ምስል አይሸኝም ብዬ።»

«መቼ አተሙት?»

ጋሽ ግርማ ፊታቸውን ወደ ባነሩ አዞሩ።

«እኔ ልንገርዎ። ከወልድያ እስከ ውርጌሳ መብራት የለም፤ ጄኔሬተሩም ተቃጥሏል። ባነሩ የታተመው ትናንት፣ መብራት ሳይሄድ ነው። ያኔ መሞቱን የሚያውቅ የገደለው ብቻ ነው። ኪሩቤልም በጨለማ አልወደቀም። መብራት ካለ ሥራ ለነገ አይባልም፤ የእናንተ የአታሚዎች ልማድ ነው። ይኸው ልማድ አጋለጠዎት።»

ጋሽ ግርማ ወንበር ፈልገው ተቀመጡ።

«‹ጋሼ፣ እርስዎም ለራስዎ አንድ ነገር ይሳሉ፤ እጅዎ ሞቷል› አለኝ። እርሳስ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ! ደረጃው ላይ ገፋሁት። ከዚያ ቁጭ ብዬ ሳልኩት።» መዳፋቸውን አዩት። «እውነቱን ነበር። ገና ትናንት ነው እጄ የተመለሰው።»

በላይነሽ ካቴናውን አወጣች። ሶስና እንባዋን እንኳ ሳትጠርግ ወደ እርሳቸው ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ታዲያ አሁን ከማን ጋር ልቅበረው?»