ኢንኮሮናታ የምትባለው ጎረቤት

ኤዶአርዶ የወንድሜን ልጅ ያገኛት መነፅሩ ላይ ቁጭ ብሎበት ነው። እውነቴን ነው! ስብርባሪውን በመዳፉ ይዞ፣ ቶሪኖ ውስጥ እሷ ወደምትሠራበት መነፅር ቤት በዳበሳ ገባ።

«ይቅርታ እመቤት... እንዲህ ሆኜ እቤቴ ድረስ እንኳ መሄድ አልችልም» አላት።

«ከመቀመጥህ በፊት ወንበሩን ማየት ነበረብህ» አለችው።

ሳቀ። አዲሱን መነፅር በእጇ አፍንጫው ላይ ስታስቀምጥለት መጀመሪያ ያየው የሷን ዓይን ነው። ልጁ እዚያው ቀለጠ።

«ስምሽ ማን ነው?»

«ናታሊያ።»

ውሸት! እኔ አክስቷ ፊሎሜና ነኝ፤ ክርስትና ስትነሳ ሻማ ይዣለሁ። ስሟ ኢንኮሮናታ ነው። በኛ አገር በፎጃ የመጀመሪያዋ ሴት ልጅ የአባቷን እናት ስም ትወስዳለች። ሌላ ስም ማውጣት አማትን በጥፊ ከመምታት አይተናነስም። እናቴ ኢንኮሮናታ ነች፣ የልጅ ልጇም ኢንኮሮናታ ሆነች፤ አለቀ።

ልጅቷ ግን ለሥራ ወደ ሰሜን በወጣች በመጀመሪያው ሳምንት፣ የሥራ ባልደረቦቿ ስሟን ሰምተው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይሄ የሰው ስም ነው የቤተክርስቲያን?» አሏት። ከዚያ በኋላ ሥራ ቀየረች፤ አዲሱ ቦታ ስትገባ ናታሊያ ሆና ገባች። እኛ ምን እናውቃለን? ስልክ ስንደውል ኢንኮሮናታ እንላታለን፣ አቤት ትላለች።

ከኤዶአርዶ ጋር ፍቅሩ ጠና። እሱ ደግሞ ምን የመሰለ ልጅ መሰላችሁ፤ ረጋ ያለ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚያወራ። ቀለበት ሊያስርላት ፈለገ። «መጀመሪያ እናቴ ትይሽ» አላትና የምሳ ቀጠሮ ያዙ፤ በልጅቷ ቤት፣ ሚያዝያ መጨረሻ ቅዳሜ።

ያቺ ቅዳሜ ምን እንደሆነች ረስታው ነው ብላችሁ ነው? አልረሳችውም። የኢንኮሮናታ ማርያም በዓል ነው፤ የስሟ ቀን። በስም ቀን ደግሞ በኛ ዘንድ ማንም አይጠራም፤ ዘመድ ሁሉ ራሱ ይመጣል፣ ባለስሟም ጣፋጭ ይዛ ትጠብቃለች። አያትና የልጅ ልጅ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚያከብሩት። እናቴ ከቤተክርስቲያኑ መብራት የተቀዳ ዘይት ታመጣና የልጅቷን ግንባር ትቀባታለች። ያን ዓመት ልጅቷ «ሥራ አለብኝ፣ አልመጣም» አለች።

«እሷ ወደ በዓሉ ካልመጣች፣ በዓሉ ወደሷ ይሄዳላ!» አለች እናቴ።

«እናቴ፣ እስከ ቶሪኖ? በዚህ ጉልበትሽ?»

«ጉልበቴን ለማን ላስቀምጠው ነው?»

እናም ተሳፈርን። እናቴ የለውዝ ጣፋጩን ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ የዘይቷን ጠርሙስ ጉያዋ ውስጥ ሸጉጣ፣ ሀገር ምድሩን አቋርጠን ደረስን። በሩን ስናንኳኳ ልጅቷ ከፈተች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከኋላዋ ጠረጴዛው ተዘርግቷል፤ ኤዶአርዶ ቆሟል፣ እናቱ ወይዘሮ ሉዶቪካ ዕንቁዋን አንገቷ ላይ ደርድራ ተቀምጣለች።

«እነማን ናቸው ናታሊያ?» አለች ሴትዮዋ።

ልጅቷ የእናቴን ጥቁር ቀሚስ አየች። በገመድ የታሰረውን ካርቶን አየች። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች...

«ጎረቤቶቻችን ናቸው... ከፎጃ» አለች።

ደሜ ፈላ! አፌን ልከፍት ስል እናቴ እጄን ጨመቀችው። ያን እጅ አውቀዋለሁ፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

«አዎ፣ ጎረቤት ነን። በዚህ ስናልፍ ጊዜ...» አለች እናቴ። በዚህ ስናልፍ! ከጣልያን ጫፍ ጫፍ!

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለቻት የገዛ አያቷን። አንቱ! እናቴ ወንበሩ ጫፍ ላይ እንደ እንግዳ ተቀመጠች።

ኤዶአርዶ ግን ጨዋ ነው፤ ራሱ ቀዳላት። «ስምዎ ማን ነው ኖና?» አላት። በኛ አገር ኖና አያት ማለት ነው፤ ለአሮጊት ሁሉ በአክብሮት የሚባል ነው። ልጅቷ ግን ቃሉን ስትሰማ ዳቦ የምትቆርጥበት ቢላ ዳቦው መሀል ቆመ።

«ኢንኮሮናታ» አለች እናቴ።

ወይዘሮ ሉዶቪካ ሳቋን በመሀረብ ያዘችው። «እንዴት ያለ... ከባድ ስም ነው! ምን ማለት ነው?»

«ዘውድ የተጫነላት ማለት ነው እመቤቴ። እመቤታችን በኛ ጫካ ውስጥ ባሉጥ ዛፍ ላይ ታየች ይባላል፤ ሕዝቡም ዘውድ ጫነላት። ስሙ ከዚያ መጣ። ድሮ በኛ ሰፈር መንገድ ላይ ቆመሽ ኢንኮሮናታ ብለሽ ብትጣሪ፣ ከየመስኮቱ አቤት! አቤት! ነበር። አሁን የሚያወጣው የለም። እኔ ስሞት በኛ መንገድ አንዲት ብቻ ናት የምትቀረው።»

«ማን ናት እሷ?» አላት ኤዶአርዶ።

«የልጅ ልጄ።»

«የት ነው ያለችው?»

እናቴ ወደ ልጅቷ ቀና ብላ አላየችም። «ሩቅ ነው ያለችው ልጄ» አለች።

ወይ አምላኬ! ያኔ የኔ ልብ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታን ቆማለች፤ የማጅራቷ ቅላት ይታየኛል። በእፍረት የምትቃጠል ሰው ከኋላም ታስታውቃለች።

ባቡር ጣቢያ ድረስ የሸኘን ኤዶአርዶ ነው። እናቴ ከጉያዋ ጠርሙሷን አውጥታ ሰጠችው። «ለናታሊያ ስጥልኝ። ግንባሯን ትቀባው፣ በረከት ነው» አለችው።

ባቡሩ ሲንቀሳቀስ እኔ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩም። እናቴ ግን በመስኮት እያየች ነበር።

«ፊሎሜና፣ እኔም አፈርኩ እኮ» አለችኝ። «በቀሚሴ አፈርኩ። በካርቶኔ አፈርኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ ዕድሜ ልኬን በኮራሁበት ስሜ አፈርኩ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ልጅቷ ናት የነገረችኝ። እናቱ ከሄደች በኋላ ኤዶአርዶ ጠርሙሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠላት። ልጅቷ ስታያት መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አያቴ ናት...» አለች። «ኤዶአርዶ፣ አያቴ ናት! ኢንኮሮናታ የኔ ስም ነው።»

 «ስምሽን ብትደብቂኝ ይሁን፣ በስም እስቃለሁ ብለሽ ፈርተሽ ነው» አላት። «ግን እዚያ ወንበር ጫፍ ላይ አስቀመጥሻት! ነገ እኔ ባረጅ፣ ብጎሳቆል... ለሰው ማን ነው ትይኛለሽ? ጎረቤቴ?»

ቀለበቱን ከኪሱ ሳያወጣ ሄደ። ደወለችለት፣ አላነሳም። ባለችበት ሁሉ እፍረቱ ተከተላት፤ መስታወት እንኳ ሸሸች አሉ።

በሰኔ ፎጃ መጣች። በሰኔ በኛ ሰፈር ወንበር ሁሉ ደጅ ነው፤ ባልቴቱ ሁሉ ምሥር እየለቀመ መንገድ ዳር ተቀምጧል። ልጅቷ ሻንጣዋን እየጎተተች በመሀላቸው አለፈችና እናቴ ፊት ቆመች።  ባልቴቶቹ ምሥራቸውን ተዉ። እኔ በልቤ «የእጇን ታገኛለች!» እያልኩ ነው።

እናቴ አየቻት፤ ከላይ እስከ ታች።

«አንቺ ፊሎሜና፣ ወንበር አምጪ» አለች። «ጎረቤት መጣችብን።»

ልጅቷ እናቴ ጭን ላይ ተደፋች። «ኖና... አፍሬ ነው እንጂ... ኖና፣ ይቅር በይኝ! በራሴ አፈርኩ፣ አሁን በራሴ ነው የማፍረው!»

«ይበቃል። ሰው ሁሉ እያየ ነው።»

«ይይ! ሁሉም ይይ! ኢንኮሮናታ ነኝ፣ የኢንኮሮናታ የልጅ ልጅ!»

እናቴ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ፀጉሯን እየዳበሰች፣ «አውቃለሁ ልጄ፣ ይሄ ስም ለትንሽ ልጅ ይከብዳል። እኔም ያወጣሁልሽ እንድትሸከሚኝ አልነበረም» አለቻት።

«ልሸከምሽ እፈልጋለሁ» አለች ልጅቷ።

የዘይቷን ጠርሙስ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሳትከፍታት። እናቴም እዚያው መንገድ ላይ ግንባሯን ቀባቻት። እኔም ኮስተር ብዬ ምሥሬን ለቀምኩ፤ ማን ያየኛል ብዬ ነው እንጂ እንባዬ ምሥሩን አርሶታል።

ቶሪኖ ስትመለስ ደረቷ ላይ የሚለጠፈውን ስም አስቀየረች። ባልደረቦቿ ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች፤ ስሙን ግን ከደረቷ አላነሳችውም። ለኤዶአርዶ አንድ መልእክት ብቻ ላከች፤ «አያቴ ይቅር ብላኛለች። አንተ ባትለኝም እውነትህን ነው» የሚል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የመነፅር ቤቱ በር ተከፈተ። ኤዶአርዶ ነው፤ መነፅሩን አውልቆ በእጁ ይዞታል። ዓይኑን እያጨናበሰ በዳበሳ መጣ።

«ይቅርታ እመቤት፣ አላይም...» አላት።

«ደግሞ ተቀመጥክበት?» አለችው።

«አይ፣ ደህና ነው። እንደገና እንድታደርጊልኝ ፈልጌ ነው።»

አደረገችለት። ደረቷ ላይ ያለውን ስም ቀስ ብሎ አነበበው።

«ከዚህ በፊት ተዋውቀናል?»

«አልተዋወቅንም። ኢንኮሮናታ እባላለሁ» አለችው።

ሠርጉ ፎጃ ሆነ፤ እኔ እያለሁ በሌላ ቦታ አይታሰብም! ወይዘሮ ሉዶቪካ መጣች። በሩ ላይ እናቴን ስታይ ዕንቁዋ ሁሉ የከበዳት መሰለች። «ያን ቀን መሳቅ አልነበረብኝም» አለቻት ዝቅ ብላ። እናቴም፣ «ያመጣሁትን ጣፋጭ ግን በልተሽልኛል» ብላ ክንዷን ያዘቻት።

እናቴ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጆሮዋ ያን ጊዜ ደክሞ ነበር፤ የሰማችውን ትሰማለች፣ ያልሰማችውን በግምት ትሞላለች። ቄሱ ወደ ሙሽራዋ ዞሩና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሯት።

«ኢንኮሮናታ!»

«አቤት!» ብላ እናቴ ብድግ አለች።

ቤተክርስቲያኑ በሳቅ ተናጋ። እናቴ ዙሪያዋን አየች፣ ስህተቷ ገባት፣ ፊቷ ቀላ። ያ የቶሪኖ እፍረት ተመልሶ ሲመጣባት በዓይኔ አየሁት። ለመቀመጥ ወንበሩን በእጇ ፈለገች።

ልጅቷ ግን የቀሚሷን ጭራ ሰብስባ ከመሠዊያው ወረደች። የእናቴን እጅ ይዛ ወደ ላይ አወጣቻትና ከጎኗ አቆመቻት። ከዚያ ወደ ሕዝቡ ሁሉ፣ ወደ ቶሪኖ ሰዎችም ዞረች።

«አያቴ ናት» አለች።

ቄሱም ከመጀመሪያው ጀመሩ።