የሲግሪድ ቀለህ፣ የማን አረር?

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የኤልግ አደን በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን፣ የአዳኞቹ አለቃ ኤቨርት ኑርድሉንድ ከአራተኛው ማድፈጫ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ሞቶ ተገኘ። የአያቱ ጠመንጃ እጁ ላይ ፈንድቶ መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ተስፈንጥሮ ግንባሩን መትቶታል። ሊመታው የነበረው ኤልግ፣ ያ ፈረስ የሚያህል አጋዘን፣ ጫካው ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል።

ኢንስፔክተር ቱሬ ሄድሉንድ ከከተማ ሲደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቱሬ ማለት ሲያስነጥስ በሦስት ወረዳ መስኮት የሚያንቀጠቅጥ፣ ሆዱ ከመኪናው ቀድሞ የሚደርስ፣ በሠላሳ ዓመት አገልግሎቱ ያልፈታው ነገር የለም እየተባለ የሚወራለት ሰው ነው። ወሬውን የሚያወራው እሱ ራሱ መሆኑንም አገር ያውቃል። ከሬሳው አጠገብ ተንበረከከ። በተሰነጠቀው ጠመንጃ ውስጥ ተጣብቆ የቀረውን ቀለህ በባትሪ አየ። ቂጡ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበበና ተነሣ። አንድ ሲጋራ እንኳ አላለቀም፤ ነገሩ ተፈታ።

«ስምንት ቁጥር!» አለ። «ይሄ የሲግሪድ ሥራ ነው።»

የተከራከረው ሰው አልነበረም። በዚህ ሰሜናዊ መንደር የቀሩት የድሮ ጠመንጃዎች አራት ናቸው፤ ጥይታቸውንም ሱቅ መሸጥ ካቆመ ብዙ ዘመኑ ነው። ሰዉ «አጭሩ» ይለዋል፤ ዛሬ ገበያ ላይ ካለው ከ«ረጅሙ» ጋር የአፉ ስፋት እኩል ሆኖ ቀለሁ በአምስት ሚሊሜትር ያንሳልና። የሟቹ እህት ሲግሪድ የድሮ ወታደር የተኮሰበትን ባለ ስምንት ሚሊሜትር ቀለህ እየሰበሰበች አፉን ታሰፋለች፤ ባሩድ ሞልታ አረር ትተክልበታለች። አራቱም ጠመንጃዎች የሚተነፍሱት በእሷ እጅ ነው።

ቱሬ አዳኞቹ ሥጋ ከሚከፋፈሉበት እርድ ቤት ደጅ ላይ፣ መንደሩ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ደረቱን ነፋ።

«ሰባ ዓመት ሞልቷታል፣ ዓይኗም ደክሟል። አንዱን ቀለህ ረስታ ሁለት ጊዜ ባሩድ ሞልታበታለች። ሳታውቅ ወንድሟን ገደለች!»

ድምፁ ሐይቁን ተሻግሮ ማዶ ካለው ተራራ ተላትሞ ተመለሰ። ሲግሪድ አንገቷን ደፋች። «ይሆናል» አለች። ቱሬ የሥራ ክፍሏን በር በፖሊስ ማኅተም አሸገ፤ የፈቃድ ወረቀቷንም ተቀበላት። ከእንግዲህ ለአራቱ ጠመንጃዎች ጥይት የሚሠራ የለም፤ ሲግሪድም ከእንግዲህ ከ«ወንድሟን የገደለች» የተሻለ ስም የላትም።

ከሰዓት በኋላ ቃሏን ሊቀበል ወጥ ቤቷ ገባ። ስስ ዳቦና የኤልግ ቋሊማ አቀረበችለት። ገዳይ ናት ብሎ ካወጀ በኋላ ቋሊማዋን መብላት ትንሽ ከበደው፤ ቢሆንም ሦስት በላ።

«ማኅተምህን አንዴ ክፈትልኝ» አለችው። «የሞተውን አልመልሰውም። ግን እኔ መሆኔን በዓይኔ ልየው።»

ከፈተላት። ሲግሪድ አንድ ባዶ ቀለህ ጠረጴዛው ላይ አቆመች፤ ባሩዱን በሚዛን ለክታ ገለበጠችበት። እስከ አንገቱ ሞላው። ሁለተኛውን ስትደግምበት ባሩዱ እንደ ጤፍ ተርፎ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ከዚያም ወለሉ ላይ። 

«ቀስ ብሎ የሚነድ ባሩድ ነው የምመርጠው» አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ የምታስረዳ ይመስል። «ቦታ ይይዛል። እጥፉን ልሙላ ብል እንኳ አይገባም። ዓይኔ ባያይ ክንዴ ያየዋል።»

የቱሬ ጆሮ ቀላ፤ በጭጋግ ቀን ለመርከብ ምልክት ይሆን ነበር። «ይሄን ጠዋት ለምን አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ? ነገርከኝ እንጂ።»

ቱሬ ያንን በእጁ ይዞ በገባው ቋሊማ ሊውጠው ሞከረ፤ አልወርድ አለው። «ለኤቨርት ስንት ጥይት ሰጠሽው?»

«ቅዳሜ ዕለት፣ ሃያ፣ በሳጥን።»

«ያለፈው ዓመት ባዶ ቀለሆችስ?»

«ሁሉም ይመልሱልኛል። ኤቨርት ብቻ ዘንድሮ አምስት አጎደለ። ‹ጫካ ጠፉብኝ› አለኝ። ኤቨርት! ቁልፉን እንኳ አንድ ቀን ጥሎ የማያውቅ ሰው።»

ቱሬ ወደ መኪናው ሄዶ የሟቹን ከረጢት ፈታ። የሲግሪድ ሳጥን እዚያው ነበር። ቆጠረ። ሃያ። እንደገና ቆጠረ። ሃያ። ጠዋት ይህን ሳጥን በእጁ ይዞት ነበር፤ ሲፎክር ጊዜ አጥቶ አልቆጠረውም። በሩን ዘግቶ መሪው ላይ ግንባሩን አሳረፈ። ከዚያ ወረደና ሥራውን እንደ አዲስ ጀመረ።

መጀመሪያ ያገኘው የሟቹን የወንድም ልጅ ኡርባንን ነው። ኡርባን ከሱቅ የተገዛ ቀጭን ጥይት የሚተኩስ፣ በአለቅነት ጉዳይ ከአጎቱ ጋር ሁለት ዓመት የተኳረፈ ሰው ነው።

«ኤቨርት ሲሞት ቦታው ላንተ ነው አሉ» አለው ቱሬ።

«ምን ቦታ? አርባ ስልክ መመለስና ሥጋ ሲካፈል መሰደብ ነው! ብፈልገውስ ሰው ይገደላል?» አለ ኡርባን። «ቅዳሜ ሰላም ሳልለው አለፍኩ። እሱን ብቻ ነው የማስበው።»

«የጠመንጃው ካዝና ውስጥ አንድም ጥይት አላገኘሁም።»

«ባዶ ነበር? የኤቨርት ካዝና? አምስቱን ሳይሞላ ሽንት ቤት እንኳ አይሄድም!»

«ማን ነው ቀድሞ የደረሰው?»

«ሮላንድ ነው። ቅርቡ እሱ ነበር።»

ሮላንድ የኤቨርት የአርባ ዓመት ጓደኛ፣ የአገሩ ምርጥ ተኳሽ፣ የራሱን ጥይት ራሱ የሚሠራ፣ ግን የሚተኩሰው ረጅሙን የሆነ ሰው ነው። ከቤቱ ደጃፍ ላይ እንጨት ይፈልጥ ነበር፤ ለሦስት ክረምት የሚበቃ ፈልጦ አሁንም አላቆመም።

«ኤልጉን ስቶታል» አለ ሳይጠየቅ። «ዱካውን አይቻለሁ። ደም የለም።»

«ስለ ኤልጉ መች ጠየቅኩህ?»

ሮላንድ ጫማውን ተመለከተ። «እንዲያው ነው። እንድታውቀው ብዬ።»

ቱሬ ከዚያ ወደ ማይ-ብሪት ሄደ። ማይ-ብሪት፣ የቆሰለ አውሬ ዱካ የምትከተል ሪፓ የምትባል ግራጫ ውሻ ያላት፣ ምላሷም ከውሻዋ ጥርስ የሚስል ሴት ናት። እሷም ከአራቱ አንዱን ጠመንጃ ከአባቷ ወርሳለች።

«መጣህ አንተ የሐይቁ ማዶ ሰባኪ?» አለችው። «አሁን ደግሞ ማንን ልታውጅ ነው?»

«ስደቡን ተይውና፣ ውሻሽ ለምን ታስራ ዋለች?»

ማይ-ብሪት ፊቷ ተለወጠ። «ሮላንድ ነው አታውጪያት ያለኝ። እሱ! ያለፈው ዓመት ኡርባን ሰማዩን ሲተኩስ እንኳ ‹ምናልባት ነክቶት ይሆናል› ብሎ ሦስት ሰዓት በዝናብ ያስዞረኝ ሰው! የተተኮሰበት ኤልግ ሳይፈለግ ከቀረ እዚህ አገር ሰው ስሙን ቀይሮ ይሰደዳል፤ ታውቃለህ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰው ሞቶ ስለ ኤልግ ማውራት ነውር መሰለኝ። አሁን ሳስበው ዝም ማለቴም ነውር ነበር።»

«ፍቺያት።»

ሪፓ ከአራተኛው ማድፈጫ ተነሥታ መሬቱን እያሸተተች ረግረጉን አቋረጠች። ረግረጉ ለቱሬ እስከ ጉልበቱ ነበር፤ ኋላ ሲያወራው እስከ አገጩ አድርሶታል። ከስድስት መቶ ሜትር በኋላ ውሻዋ ቆመች። ትልቅ ወንድ ኤልግ ከወደቀ ግንድ ሥር ሞቶ ተጋድሟል። የተመታው ከኋላ ታፋው ላይ ነው። መሬቱ ዙሪያውን በእግሩ ተቧጥጧል፤ ቶሎ እንዳልሞተ ያሳያል። ማይ-ብሪት ቆቧን አወለቀች። ከዚያ ቢላዋዋን አወጣች፤ አረሩ ገላውን በቁመቱ አልፎ ደረቱ ቆዳ ሥር ቆሞ ነበር። በመዳፏ ጠረገችው። እንደ አበባ የተከፈተ፣ ቀይ፣ ንጹሕ መዳብ ነው።

«ይሄ የሲግሪድ አይደለም» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም እርድ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። ኤልጉ በመንጠቆው ተንጠልጥሏል። ሲግሪድ በሩ አጠገብ፣ ኡርባን ከጎኗ፣ ማይ-ብሪት ከውሻዋ ጋር፣ ሮላንድ ከግድግዳው ተጣብቆ ቆመዋል። ደጁ በጎረቤት ሞልቷል። ቱሬ አሁን ደረቱን አልነፋም።

«ጠዋት ያየሁት ቀለሁን ብቻ ነው» አለ። «ቀለሁ የሲግሪድ ነው፤ እውነት ነው። ግን ሲግሪድ ባሩዱን እጥፍ ልሙላ ብትል ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል። በዓይኔ አይቻለሁ። ደግሞ ለኤቨርት የሰጠችው ሃያ ጥይት ነው፤ ሃያውም ሳጥኑ ውስጥ አለ። ስለዚህ የተተኮሰው ጥይት ቅዳሜ ከሰጠችው አይደለም።»

«ታዲያ ከየት መጣ?» አለ ኡርባን።

«ኤቨርት ካለፈው ዓመት ቀለሆች አምስቱ ጠፉብኝ ብሎ አስቀርቷል። ካዝናው የሚይዘው አምስት ነው። አንድ ሰው አምስቱን ሞላለት። አንዱ ፈነዳ፤ አራቱ ግን ካዝናው ውስጥ አልተገኙም። እኔ ሳልደርስ የወሰዳቸው አለ።» መዳቡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ይሄ የዚያ ሰው አረር ነው። ሲግሪድ፣ አንቺ ለአጭሩ የምትመርጪው ምን ዓይነት ነው?»

«ጫፉ ድቡልቡል፣ ለስላሳ እርሳስ። አጭሩ ዝግ ይላል፤ ዝግ ላለ ጥይት ለስላሳ ነገር ነው የሚሆነው።»

«መዳብ ከእርሳስ ይቀላል። ስለዚህ ክብደቱ እንዲስተካከል አረሩን ረጅም አድርገው ይሠሩታል። ረጅሙን አረር አጭር ቀለህ ውስጥ ስትተክለው ጠልቆ ይገባል፤ የባሩዱን ቦታ ይቀማል። ባሩዱ ደግሞ ቦታ የማይፈጅ ዓይነት ሆኖ ለረጅሙ ቀለህ በሚሆነው ልክ ከተሞላ…»

«አይችለውም» አለች ሲግሪድ። «የአያታችን ብረት አይችለውም።»

«ኡርባን የሚተኩሰው ቀጭን ነው፤ ይሄ አፉ ውስጥ አይገባም። ማይ-ብሪት የሲግሪድን ነው የምትተኩሰው፤ ጥይት መሥሪያ የላትም። ኤልጉ እንዳይፈለግ የከለከለው፣ ሬሳው ጋ ቀድሞ የደረሰው፣ በረጅሙ ልክ ባሩድ መሙላት የለመደው አንድ ሰው ነው።»

ስም አልጠራም። ማንም ወደ ሮላንድ ለመዞር ድፍረት አላገኘም፤ ሁሉም የተሰቀለውን ሥጋ ያያል። ሮላንድ እጁን ወደ ኪሱ ከተተና አራት ጥይት አውጥቶ መዳቡ አጠገብ ደረደራቸው።

«ኤቨርት በጸደይ ወራት መጣ» አለ። «ያለፈው ዓመት ሁለት ኤልግ ሆዳቸውን መትቶ ነበር፤ ሰው ሳያውቅ እኔና እሱ ሌሊቱን ፈልገን ጨረስናቸው። ‹የሲግሪድ ጥይት ደከመ፣ ጠንከር ያለ ሥራልኝ፣ ለእሷ ግን አትንገር፣ ትቀየመኛለች› አለኝ። እንሞክረው ስለው፣ ተኩሱን ትሰማለች ብሎ እምቢ አለ። ጠዋት ሳገኘው… ጥይቶቹን ሰበሰብኩ። ከዚያ አንተ መጥተህ ሲግሪድ ናት አልክ። እኔ እዚህ ቆሜ ሰማሁ።»

«ጥይቴ አልደከመም» አለች ሲግሪድ። «ዓይኑ ነው። ጋዜጣ ገልብጦ ይዞ ሲያነብ አይቼዋለሁ። እንዳላሳፍረው ብዬ ተውኩት። እያወቅሁ ሃያ ጥይት ቆጥሬ ሰጠሁት።»

ኡርባን እጇን ያዘ። እሷም አልከለከለችውም።

ቱሬ የፈቃድ ወረቀቷን ከኪሱ አውጥቶ ወደ እሷ ጠጋ አለና ጆሮዋ ሥር አጉረመረመ። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ተሳስቼ ነበር።»

«ጠዋት እንዲህ አልነበረም የተናገርከው» አለችው። «አጠገቤ ያለው ኡርባን እንኳ አልሰማህም።»

ቱሬ ደጁ ላይ ወደ ቆሙት ዞረ። ያን መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ድምፁን ለቀቀው።  «ሲግሪድ ኑርድሉንድ ወንድሟን አልገደለችም! ሳልጠይቅ፣ ሳልቆጥር የፈረድኩት እኔ ነኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ!» በሕይወቱ ሳያጋንን የተናገረው ይህን ብቻ ነው ይላሉ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ሰጣት፤ ለሮላንድም በቸልተኝነት ሰው በመግደልና ማስረጃ በመሰወር እንደሚከሰስ ነግሮት መኪናውን ሊያቀርብ ወጣ።

ሲግሪድ ከአራቱ ጥይቶች አንዱን አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው። አረሩ ከቀለሁ ጋር የተገናኘበትን መስመር በአውራ ጣቷ ዳበሰች፤ አርባ ዓመት የሠራ እጅ ነውና ከሚዛን ይልቅ ያውቃል። ወደ ሮላንድ ቀረበች።

«ምን ያህል አስገባኸው?»

ሮላንድ በጥፍሩ ለክቶ አሳያት።

«ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር» አለችው።

«አፍሬ» አለ ሮላንድ። «ይሄን ሁሉ ዘመን ጥይት ስሠራ ኖሬ፣ ስለ አጭሩ ምንም አላውቅም ማለት… አፍሬ።»