ተኳሹን የገደለ ጠመንጃ

ፔሎ ኤቻርትን የገደለው ማይቴ ኢሪያርት በእጇ የሠራችለት ጠመንጃ ነው። ሰውየው ግን የሞተው ከጠመንጃው ፊት ቆሞ ሳይሆን ከኋላው ተቀምጦ ነበር።

በአሜሪካዋ ዋዮሚንግ በረዷማ ሜዳ ላይ ጀርባውን ለቁጥቋጦ፣ ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ በጎቹን የሚፈጅበትን ኮዮት የሚሉትን ትንሽ ተኩላ ይጠብቅ ነበር። የማይቴ ታላቅ ወንድም ጋኒሽ ራቅ ብሎ ተደብቆ የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት በፊሽካ እያስመሰለ ኮዮቱን ይጣራል። ኮዮቱ መጣ። ፔሎ ቃታውን ሳበ። የጠመንጃው ቱቦ መሃሉ ላይ እንደ ሙዝ ልጣጭ ተተረተረና አንዱ ስንጣሪ አንገቱ ውስጥ ገባ። ኮዮቱ ምንም አልሆነም።

እስከ ምሳ ሰዓት አገሩ ፈርዶ ጨርሷል። ትናንት «እንደ ማይቴ ያለ ጠመንጃ ሠሪ የለም» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ለጥገና የሰጧትን ጠመንጃ እየመጡ ወሰዱ፤ አንዱማ ጠመንጃውን ይዞ ሲወጣ አፈሙዙ ወደ እሷ እንጂ ወደ ራሱ እንዳይዞር ብዙ ተጨነቀ። ሸሪፉ ደግሞ «ሰኞ ትከሰሻለሽ፤ ጠበቃ ፈልጊ» ብሏት ሄደ።

ማይቴን የበላት ግን እስር ቤቱን መፍራት ብቻ አልነበረም። «አልገደልኩትም» ብላ መማል አለመቻሏ ነው። ሥራዋን ከመጀመሪያው እያነሳች ትጥላለች። ፔሎ ብዙ ስለሚሄድ ቀለል ያለ ቱቦ መረጠችለት። በክረምት ወፍራም ካፖርት ስለሚደርብ ሰደፉን አሳጠረች። የተጨቃጨቁት በማነጣጠሪያው መነጽር ብቻ ነበር፤ እሱ ርካሹን ፈለገ፣ እሷ ግን «በድንግዝግዝ ፀጉር የሚያስቆጥረው ካልሆነ ጠመንጃውን አልሠራም» ብላ ድርቅ አለች። ታዲያ የቱ ጋ ተሳሳተች?

የወረዳው መርማሪ ኦፓል ሪንደር ወደ ማይቴ ወርክሾፕ የመጣችው በማግስቱ ነው። አጭር፣ ጉንፋን የማይለቃት፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለች ልጣጩን ኪሷ የምትከት አሮጊት ናት።

«አንቺ ነሽ ገዳይዋ?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት፣ ወይዘሮ ኦፓል።»

«የሚሉትንማ ነዳጅ ማደያው ጋ ሰማሁ። አንቺስ ምን ትያለሽ?»

«እኔንጃ። ቶርኖው ላይ ስቀርጸው ተሳስቼ ይሆናል።»

«አንቺን የመሰለ ተከሳሽ ለሸሪፉ የልደት ስጦታ ነው።» ኦፓል የተተረተረውን ጠመንጃ ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ ዘረጋችው። «የትኛው ነው ያንቺ ሥራ?»

«ቱቦው ከፋብሪካ ይመጣል። ጥይቱ የሚጎርስበትን ቦታ እፈለፍላለሁ፣ ከመቀርቀሪያው ጋር አገጣጥማለሁ።»

«እስቲ መቀርቀሪያውን ክፈቺው።»

ማይቴ ሳበችው። በአንድ ጣት ተከፈተ። መጉረሻው እንደ ሠራችው አለ፤ ስንጥቅ አልነካውም። ፔሎ ከሞተ ወዲህ ጠመንጃውን ለማየት አቅም ያገኘችው ገና አሁን ነበር።

«የፈነዳው ከዚያ ወደ ፊት ርቆ ነው» አለች ኦፓል። «ምን ያፈነዳዋል?»

«መንገዱ ከተዘጋ። በረዶ ከገባበት...» ማይቴ አቋረጠች። አፈሙዙ ላይ ጥቁር ናስትሮ እንደተለጠፈ ነበር፤ አንዱ ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። «በረዶ አልገባም። በረዶ እንዳይገባ ነው ናስትሮ የምንለጥፈው።»

«ስትተኩሱስ ታነሱታላችሁ?»

«ማን ያነሳዋል? ከጥይቱ ፊት የሚገፋው አየር ይቀደዋል። ይሄኛው የተረፈው አየሩ በተተረተረው በኩል ስለወጣ ነው።»

«ማንም አያነሳውም?»

«ማንም» አለች ማይቴ፤ ዓይኗን ከታጠፈው ጫፍ ላይ አንስታ።

ኦፓል አንድ ፍሬ ፈለፈለችና ልጣጩን ኪሷ ከተተች።

የሟቹ ሚስት ግራሺ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማ መለሰች። «ማታውን እንደ ልማዱ ወለወለው። ቱቦውን ወደ መብራቱ አዙሮ አየበት፣ ‹እንደ መስተዋት ነው› አለኝ። ናስትሮውን ለጠፈና መኪናው ውስጥ አስቀመጠው።»

«መኪናው ይቆለፋል?»

«እዚህ አገር? ቁልፍ መኖሩም ትዝ አይለንም።»

«ከዚያ በኋላ ማን መጣ?»

«ዋይላንድ ስለ አጥሩ ሊጮህ መጣ። ጋኒሽም የጠዋቱን አደን ሊነጋገር።»

ጎረቤቱ ዋይላንድ ክሮፍት ከላሞቹ መሃል ሆኖ አጉረመረመ። «ፔሎን አንድ ቀን ልደበድበው አስቤ ነበር። አሁን ሞተና ማንን ልደበድብ?»

«አጥሩን ደብድበው» አለች ኦፓል።

የጋኒሽን ነገር አገር ያውቀዋል። ፔሎ ከዚህ በፊት፣ በድንግዝግዝ፣ ኮዮት መስሎት ተኩሶ የገደለው የጋኒሽን አንድያ ልጅ ኤኔኮን ነበር። ዳኛው «አደጋ ነው» አለ። ጋኒሽ ይቅር ብሎ ከፔሎ ጋር አደን ሲመለስ ቄሱ በየጾሙ የሚሰብኩት አገኙ፤ ምእመናኑም ሌላውን ይቅር ከማለት ጋኒሽን ማድነቅ ቀለላቸው።

«እውነት ይቅር ብለኸዋል?» አለችው ኦፓል።

«ቄሱን ጠይቂያቸው። ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።»

ከቀብሩ በኋላ ኦፓል ማይቴን፣ ግራሺን፣ ዋይላንድንና ጋኒሽን በማይቴ ወርክሾፕ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ሰዓቱን እያየ በር ላይ ቆመ። ኦፓል ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠመንጃ ሰጠችና አንድ ጥቅል ናስትሮ አዞረች።

«እኔ የከተማ ሰው ነኝ። አፈሙዝ እንዴት እንደሚሸፈን አሳዩኝ።»

ዋይላንድ የተሰበረ እግር እንደሚያስር ጠቀለለው። ግራሺ በጥርሷ ቆርጣ ለጠፈች። ማይቴ በአውራ ጣቷ አለሰለሰችው። የወንድሟን እጅ ላለማየት ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች፤ አየችው ግን። ጋኒሽ ለጠፈና፣ ልቡ ሌላ ቦታ እንዳለ፣ ጫፏን ወደ ውስጥ አጠፋት።

«ይህቺ እጥፋት ለምንድን ናት?» አለች ኦፓል።

ዋይላንድ ቀደመ። «በጓንት ይዞ እንዲያነሳት ነዋ! ናስትሮ ኢላማ ያስታል ብሎ ሳይልጥ አይተኩስም። ፔሎ ‹ሙሽራህን ገለጥክ?› እያለ ሲያሾፍበት...»

ኦፓል የተሰበረውን ቱቦ አወጣች።

«መጉረሻው ደህና ነው፤ ስለዚህ ጥፋቱ የሠሪዋ አይደለም። ቱቦው የፈነዳው ተወትፎ ነው። ናስትሮው ሳይቀደድ ከነሙጫው አለ፤ ስለዚህ የወተፈው በረዶ አይደለም። ፔሎ ማታ ሲያየው ንጹሕ ነበር። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ናስትሮውን ልጦ፣ ወትፎ፣ አዲስ ለጠፈ። ፔሎ ጠዋት ሲያየው የራሱ መሰለው።» እጥፋቷን በጥፍሯ ነካች። «ማንም የማይልጠውን ናስትሮ ለመላጥ አዘጋጅቶ የሚለጥፍ አንድ ሰው ብቻ ነው። ጋኒሽ፣ እጅህ ከአንተ ቀድሞ ተናገረ።»

ጋኒሽ አልካደም። ያየው እህቱን ነው።

«ሰኞ ያስሩኝ ነበርኮ» አለች ማይቴ። «ዝም ልትል ነበር?»

«ለልጄ ገዳይ ጠመንጃ ሠራሽለት። ቱቦውን ስትመርጪለት፣ ሰደፉን ስትለኪለት እዚህ ቆሜ አየሁሽ። የወንድምሽን ልጅ ለገደለ ሰው!»

«መነጽሩንስ አይተኸዋል?»

አልገባውም። ማይቴ ከጠመንጃው ላይ ፈታችው፤ ጭረት እንኳ አልነካውም። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠችው። ኦፓል ሸሪፉን በዓይኗ አቆመችው።

ጋኒሽ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ወደ መስኮቱ ዞረ። ደጁ መጨለም ጀምሯል። ዋይላንድ መቀመጥ አቅቶት ወጥቶ ነበር።

«ምን ይታይሃል?» አለችው።

«አጥሩ ጋ... ዋይላንድ ነው። ሲጋራ እያቀጣጠለ ነው።»

«ሰው መሆኑ ይለያል? ኮዮት አይመስልህም?»

ሸሪፉ ካቴናውን ይዞ ቀረበ፤ መነጽሩን ከጋኒሽ እጅ ለማላቀቅ ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ መፈልቀቅ ነበረበት።