ራሳቸው የተቆረጠ ቃላት

መምህር ሚኪያስ ሞቶ የተገኘው በስደት አገር፣ አርካዊት ሰፈር በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ ከጥቁር ሰሌዳው ሥር ነው። አፉም ጢሙም ስኳር ተለጥፎበት ነበር። በሕይወቱ ያልናቀው ሰው ስላልነበረ ሲሞት የሚያለቅስለት ጠፋ።

እማማ ሀጀራ ብቻ አለቀሱ፤ ያለቀሱት ግን ለእሱ አልነበረም። ሟቹ የስኳር በሽተኛ ነው። አጠገቡ የተደፋውን ከርከዴ፣ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ያፈላችለት ደግሞ ተማሪው ሬሕማ፣ የእሳቸው የልጅ ልጅ ናት። «ልጅቷ ስኳር አብዝታ ገደለችው» ተባለ። ሙላዚሙ፣ የሰፈሩ የፖሊስ መኮንን፣ እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ ሌላ ጥፋተኛ ካልተገኘ ሬሕማን ይዟት ሊሄድ ቆርጧል። ያችኑ ጊዜ ለምኖ ያገኘላቸው ሻምበል በየነ ነው። በየነ በደርግ ጊዜ ደሴ ላይ ወንጀል መርማሪ ነበር፤ ደርግ ከወደቀ ወዲህ፣ ይኸው ከአሥር ዓመት በላይ፣ ሱቅ ዐረቢ ገበያ የመኪና ዕቃ ይሸጣል።

«ሻምበል፣ ልጄ ወላሂ ጉንዳን አትረግጥም» አሉት እማማ ሀጀራ።

«የሞተው ጉንዳን አይደለም፣ እማማ። ዞር ይበሉልኝ።»

ሬሳው ላይ ጎንበስ አለ። ጀለቢያው ከአንገት እስከ ጉልበት ርሷል።

«ውሃ አፍስሳችሁበታል?»

«ኧረ ማን ነክቶት! ላቡ ነው። እንዲህ የሚያልብ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም።»

በየነ የሟቹን ቀኝ እጅጌ ገለበጠ። ከክንዱ በስተኋላ አንዲት የደም ነጠብጣብ አለች። ከዚሩ፣ ከውሃው ጋን ሥር፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የኢንሱሊን ጠርሙስ አገኘ፤ ወደ ብርሃኑ አነሳና ባዶነቱን አየ። ከዚያ ጽዋው ውስጥ የተረፈችውን ከርከዴ በጣቱ ነክቶ ቀመሰ። እማማ ሀጀራ ቢስሚላህ አሉ።

ተማሪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ክፍሉ አስገባ። ሌሎቹ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይጠብቃሉ።

«እዚህ ምን ነበር የምትማሩት?» አላት ሬሕማን።

«የሐኪም ቃል መቆራረጥ። ቃሉ ሥር አለው፣ ጭራ አለው፣ ራስ አለው። መምህር ከጭራ ነው የጀመረው። መጨረሻው ‹አይቲስ› ካለ የተቆጣ ነገር ነው፤ ‹ኤሚያ› ካለ የደም ነገር ነው።»

«ራሱስ?»

«ከኢድ በኋላ ሊያስተምረን ነበር። ‹ራስ ለባለ ራስ ነው፤ እናንተ ጭራ ያዙ› ይለን ነበር።»

«እሱን ምን ገደለው ትያለሽ?»

«ግላይሴሚያ መሰለኝ። ስኳር በደም። ግን ከርከዴው ውስጥ ስኳር አልጨመርኩም፣ አይፈልግም።» እማማ ሀጀራ ከበሩ ሆነው «ቀስ በይ፣ ልጄ» አሉ።

ሁለተኛዋ ሰርክአዲስ ናት፤ አል-ማንሺያ ሰፈር የሰው ቤት ሠራተኛ።

«ስኳር ደሙ ውስጥ ገባ፣ ግላይሴሚያ ነው በቃ። ይቺን ቃል ለመዳሜ ብነግራት ሻይ አምጪ አለችኝ።»

«መርፌ ወግተሽው ታውቂያለሽ?»

«እኔ? ብወጋውማ በሚስማር ነበር።»

በመጨረሻ ሀሰን ገባ። መምህሩን በሪክሻው፣ በባጃጁ፣ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ማታ ማታ ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጦ ይማር ነበር።

«ከበር አድርሼው ሄድኩ። እኔ ደግሞ መርፌ ሳይ ጉልበቴ ይከዳኛል፣ ሻምበል።»

«ምን ገደለው?»

ሀሰን በመስኮቱ ወደ ሴቶቹ አየና ከንፈሩን ጣል አደረገ። «ሰምቻቸዋለሁ፣ ግላይሴሚያ ይላሉ። ግላይሴሚያማ እኔም አንተም አለን። የሱ ሃይፐርግላይሴሚያ ነው፤ ስኳሩ ከልክ አልፎ። ከርከዴው ነዋ!»

በየነ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማው። «ጎበዝ ተማሪ ነህ» አለ።

መግሪብ ሲቃረብ ሁሉም ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተሰበሰቡ። ሙላዚሙ ቆሞ ሰዓቱን ያያል፤ በየነም የሚለውን በዐረብኛ እየደገመለት ጀመረ።

«ከርከዴው እንደ ሎሚ ይጎመዝዛል፤ ቀምሼዋለሁ። አባቴን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ስለሆነ አውቀዋለሁ። ስኳሩ የወጣበት ሰው አፉ ደርቆ፣ ውሃ ውሃ እያለ ቀስ በቀስ ነው የሚደክመው። ድንገት በላብ ተጠምቆ፣ ስኳር በእፍኙ የሚቅመው የወረደበት ሰው ነው። ሚኪያስ አፉን በስኳር የሞላው ነፍሱን ለማዳን ነው፤ አልደረሰለትም። ስኳሩን ያወረደው ያ ባዶ ጠርሙስ ነው።»

«ራሱን ወግቶ ቢሆንስ?» አለች ሰርክአዲስ።

«ቀኝ ክንዱን፣ ያውም ከኋላ፣ በምን እጁ? ሌላ ሰው ነው የወጋው፤ መርፌ የሚችል ሰው። እናንተ ጭራ ይዛችሁ መለሳችሁልኝ፤ የተማራችሁት እስከዚያው ነው። ሰውየው ራስ የሚባለውን ገና ለማንም አላስተማረም። አንዱ ግን ቃሉን ከነራሱ አመጣልኝ። የት ተማርከው፣ ሀሰን?»

«ሬዲዮ ላይ ሰምቼ ይሆናል።»

«ሬዲዮው መርፌም ይሰጣል?»

በየነ ለሙላዚሙ በዐረብኛ አንድ ቃል ተናገረ። ሙላዚሙ ወጥቶ የሪክሻውን ወንበር አነሳና በጨርቅ የተጠቀለለ ሲሪንጅ ይዞ ተመለሰ።

«ወሎ ውስጥ የክሊኒክ ድሬሰር ነበርኩ» አለ ሀሰን። «በሽተኛ እጄ ላይ ሞተብኝና ሸሸሁ። ይሄ ሰውዬ ደረሰበት። በነፃ አመላላሽ፣ በነፃ መርፌ ወጊ አደረገኝ፤ ማታ ደግሞ ከእነዚህ ኋላ አስቀምጦ ጭራ ያስቆጥረኛል። ዛሬም ‹ና ውጋኝ፣ አንተ ጭራ› አለኝ። ሞልቼ ወጋሁት።»

«ታዲያ እንደነሱ ግላይሴሚያ ብለህ ዝም አትልም ነበር?»

«ግማሽ ቃል ይዘው ዐዋቂ ሲሆኑ መስማት አስጠላኝ።»

«እሱም የሞተው በዚሁ ጠባዩ ነው» አለ በየነ።

ሙላዚሙ የሀሰንን እጆች አሰረ። እማማ ሀጀራ አልሐምዱሊላህ ብለው የሬሕማን ጫማ ፍለጋ ጎንበስ አሉ፤ መኮንኑ ሐሳቡን ሳይለውጥ ልጃቸውን ቤት ማስገባት ነው የፈለጉት። ቀና ሲሉ ሬሕማ ከጎናቸው የለችም። በሩ ላይ ከሀሰን ፊት ቆማለች።

«ሲወርድስ?» ትለዋለች። «ስኳሩ ሲወርድ ራሱ ምንድን ነው?»

ሀሰን አገጩን ቀና አደረገ። «ሃይፖ» አላት።

እማማ ሀጀራ ክንዷን ይዘው ጎተቷት። «አንቺ የተረገምሽ፣ ከነፍሰ ገዳይ ትማሪያለሽ?»

«ይቅር በይኝ፣ እምዬ» አለች። ግን ወደ ቤት ሲሄዱ፣ መንገዱን ሙሉ፣ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያዩ ነበር።