ተገልብጦ የታሰረው ሳንቃ

የመርሳው ጨርቅ ነጋዴ አቶ ሲራክ፣ በፍልሰታ ጾም አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጎርፍ በሞላው ሱቃቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። የጓሮው ግድግዳ ተደርምሶ ጎርፉ በዚያ ገብቷል። ወደ ውጭ የሚከፈተው የብረት በር ደግሞ በሦስት የጎርፍ መከላከያ ሳንቃ ተዘግቶ፣ ከውጭ በብሎን ጠብቋል። ውኃ እንዳይገባ የተሠራው ሳንቃ ሰው እንዳይወጣ አደረገ።

ሳንቃዎቹን የሠራው በያጁ ደጀን ነው። በዚያው ሳምንት ከሟች ጋር መንገድ ላይ ተጨቃጭቆ ስለነበር ወዲያው ታሰረ። ኢንስፔክተር ዮርዳኖስ ከወልድያ እስክትመጣ ድረስ ከተማው ፈርዶ ጨርሶ ነበር፤ ለፍርድ ሲሆን ማን ይቀድመናል።

አስከሬኑ በጓሮ ስለወጣ ሳንቃዎቹ እንደታሰሩ ነበሩ። ዮርዳኖስ በሩ ሥር ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። የሟች ሚስት ወይዘሮ ጽጌ ባሌ ቅዳሴ የሄደ መስሎኝ ነበር አሏት፤ ዓይናቸው ግን ከመሬት አልተነሳም። የመለዋወጫ ሱቅ ያላቸው ጎረቤት አቶ ናትናኤልም ቅዳሴ ላይ ነበርኩ አሉ። ዮርዳኖስ እንደዚያው በሳንቃ የተዘጋውን የእሳቸውንም በር አየች።

በማግስቱ ሁሉንም ሱቁ ደጃፍ ሰበሰበች። ደጀንም እጁ እንደታሰረ መጣ።

«የገጠመው ደጀን አይደለም» አለች። «ውኃ የሚያግደው የሳንቃው ጎማ ከታች መሆን ሲገባው ወደ ላይ ሆኗል። የገዛ ሥራውን የሚገለብጥ በያጅ የለም። ወይዘሮ ጽጌን ደግሞ ቅዳሴው እስኪያልቅ ድረስ ምዕመናኑ ሁሉ አይተዋቸዋል። አቶ ናትናኤል፣ በዚህ ሰፈር ጎማው ወደ ላይ የሆነ ሌላ በር ቢኖር የእርስዎ ብቻ ነው።»

አቶ ናትናኤል ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ቅዳሴ ልሄድ ስል ደመናው ጠቆረ። የኔን ገጥሜ፣ ደጃፉ ላይ የነበረውን የሱንም ገጠምኩለት። ከመግጠሜ በፊት ጓጉንቸሩን ከውጭ ሳጣው ሁለቴ ጠራሁት፤ አልመለሰልኝምና የለም አልኩ። ኋላ ‹ጎረቤቱን ገደለ› መባሉን ፈራሁ። ደጀን ሲታሰር ዝም አልኩ። አፈርኩ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። ያን ቀን ማንም አላለውም።

ዮርዳኖስ ከባንኮኒው መሳቢያ ያገኘችውን ግማሽ ዳቦና የስኳር መድኃኒት አወጣች። «ጓጉንቸሩ ውስጥ ነበር። አቶ ሲራክ ከውስጥ ቀርቅረው ነበር ማለት ነው። ሲጠሩ ሰምተዋል። ለምን ዝም አሉ?»

ወይዘሮ ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አሉ። «ሐኪሙ አትጹም ብሎታል፤ ብላ ያልኩትም እኔ ነኝ። ሰው እንዳያይህ ቆልፈህ ብላ አልኩት። ሲጠራው እህል አፉ ውስጥ ሆኖ ነው ልጄ። እኔም ስሙ በክፉ እንዳይነሳ ብዬ እውነቱን ደብቄ የሰው ልጅ አሳሰርኩ።»

የንስሐ አባታቸውን ቢጠይቁ ኖሮ ለበሽተኛ ይፈቅዱ ነበር። ግን ለመጠየቅም አፍረው ነበር።

የደጀን እጅ ተፈታ። ከሐብሩ ተራሮች በላይ ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር መፍቻውን ይዞ ወደ አቶ ናትናኤል በር ሄደ። ብሎኖቹን ፈታ፤ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ አወረደ። አቶ ናትናኤል ሊያግዙት ተጠጉ። ደጀን ሳንቃዎቹን አስተካክሎ ከመግጠሙ በፊት ግን በሩን ከፍቶ ውስጡን አየ።