ሻምበል ያልገፋው ወንበር

ልጆች፣ ይህን ታሪክ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ይዤው ሊሆን ይችላል። ለምሳሌ ግድግዳው ሰማያዊ ይሁን አረንጓዴ እርግጠኛ አይደለሁም። ሰማያዊ ነው ብዬ ልቀጥል።

ድምቡሼ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ይህ የቤት ስሟ ነው፤ ጉንጮቿን ያየ ሁሉ ለምን እንዲህ እንደተባለች ይገባዋል። አባቷ ቀለም ቀቢ ነው። ተማሪዎች ለረጅሙ እረፍት ሲበተኑ የመማሪያ ክፍሎቹን ይቀባል። እናቷ ደግሞ የክፍሎቹን መጋረጃ ትሰፋለች። ስለዚህ በየዓመቱ በእረፍት ወራት ቤተሰቡ ፍራሹን፣ ምድጃውንና የስፌት መኪናውን ጭኖ ትምህርት ቤቱ ግቢ ይገባል። የሚተኙት ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር።

ለድምቡሼ ግን ቦታው ትምህርት ቤት አልነበረም። ጠዋት ከፍራሿ ሳትነሳ አባቷ ይጠይቃታል።

«ዛሬ የት ነው ያለነው?»

«መርከብ ላይ!»

«እሺ ካፒቴን። ቁርስ በልተን እንነሳ።»

ከዚያ ሁሉም መርከበኛ ይሆናል። እናቷ መጋረጃውን ሸራ ነው ብላ ትሰፋለች። ታላቅ እህቷ ኮሪደሩን ስትወለውል «ውሃ ገባ! አለቅን!» እያለች ትጮኻለች።

ነገር ግን አንድ ደንብ ነበራቸው። ቀለም ቀቢዎች ፀጉራቸው ላይ ቀለም እንዳይንጠባጠብ ከጋዜጣ ባርኔጣ ይሠራሉ። አባቷ ለድምቡሼም ትንሽ ባርኔጣ ሠርቶላታል። ባርኔጣውን ካደረገች የምትናገረው ሁሉ ጨዋታ ነው። ዓሣ ነባሪ በላኝ ብትልም ማንም አይቆጣትም። ካወለቀችው ግን የምትናገረው እውነት ነው። ያን ጊዜ «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ የሚጠይቃት የለም።

በግቢው በር አጠገብ ባለችው ክፍል ዘበኛው ከውሻቸው ጋር ይኖራሉ። የውሻው ስም ሻምበል ነው። አርጅቷል፤ ሲራመድ ጡረታ የወጣ ሰው ይመስላል። ዘበኛው ከእሱ ሌላ የሚያዋሩት ሰው አልነበራቸውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቷ የአንደኛ ክፍልን ግድግዳ ቀብቶ ጨረሰ። በሩ ላይ ወንበር አጋድሞ እጁን ሊታጠብ ሄደ። በእነሱ ቤት የተጋደመ ወንበር «ቀለሙ አልደረቀም፣ አትግቡ» ማለት ነው።

ድምቡሼ በወንበሩ ላይ አንገቷን አስግጋ አየች። ግድግዳው ባሕር መሰላት። ይቀዘቅዝ ይሆን? በጣቴ ጫፍ ብቻ ልንካው አለች። እናንተም «በጣቴ ጫፍ ብቻ» ብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ወንበሩን ገፍታ ገባች። ግድግዳውን ነካች። ስትመለስ ባልዲውን በተረከዟ መታችውና ቀለሙ ወለሉ ላይ ተዘረገፈ። ሻምበል ደግሞ ኮቴዋን ሰምቶ ከኋላዋ መጣ። ቀለሙን በአራቱም እግሩ ረግጦ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

ድምቡሼ ሮጣ እጇን በሳሙና ታጠበች። ባርኔጣዋን ቧንቧው ጋ ረሳችው።

«ማነው እዚህ የገባው?» አለ አባቷ።

«ሻምበል ነው። ወንበሩን ገፍቶ ገባ።»

አባቷ ጭንቅላቷን አየ። ባርኔጣ የለም።

«ያ ሽማግሌ ነው ወንበር የገፋው?» አለች እህቷ እየሳቀች። «ዝንብ እንኳ እሽ አይልም እኮ!»

«እህትሽ አይታለች፤ በቃ» አለ አባቷ።

ርዕሰ መምህርቷ መጥተው ወለሉን አዩ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ግን ትምህርት ሊጀመር ነው።

«ትንንሽ ልጆች ሊመጡ ነው» አሏቸው ዘበኛውን። «የተዘጋበትን በር እየገፋ የሚገባ ውሻ ላቆይ አልችልም። ዛሬውኑ ይውጣልኝ።»

«እሺ እትዬ» አሉ ዘበኛው። አሸዋ ያመጣው የጭነት መኪና ሾፌር ውሻውን ከከተማ ውጭ ሊወስደው ተስማማ።

ድምቡሼ ከበሩ አጠገብ ቆማ ታያለች። ዘበኛው ታስሮ የማያውቀው ሻምበል አንገት ላይ ገመድ ያስራሉ።

«ምነው ሻምበል?» ይሉታል። «ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ኖረን በስተርጅና ታሳፍረኛለህ? እኔማ የእኔ ውሻ እንዲህ አያደርግም ብዬ ልምል ነበር። እንኳን አልማልኩ!»

ሻምበል እጃቸውን ላሰ።

ድምቡሼ አሁንም አንድ ነገር ልትፈጥር ሞከረች። ሻምበል ወደ ንጉሥ ግንብ እየሄደ ነው፤ እዚያ አጥንት እንደ ልብ ነው። አልሆነላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋታው አልመጣ አላት። ሻምበልን ሻምበል ሆኖ ብቻ አየችው።

የመኪናው ሞተር ተነሣ። ድምቡሼ ባላት ኃይል ሁሉ ወደ አባቷ ሮጠች። መሰላል ላይ ነበር።

«አባዬ፣ ሻምበል አይደለም። እኔ ነኝ። ወንበሩን የገፋሁት እኔ ነኝ!»

አባቷ ከመሰላሉ ወረደ። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ግን አልጮኸም።

«ነይ» አለ። «ይህን ለዘበኛውም ትነግሪያቸዋለሽ።» ሮጦም መኪናውን አስቆመ።

ድምቡሼ በዘበኛው፣ በርዕሰ መምህርቷና በሾፌሩ ፊት እንደገና ተናገረች። ዘበኛው ጎንበስ ብለው ገመዱን ፈቱ።

«ሰማህ ሻምበል? ለካ ይቅርታ ጠያቂው እኔ ነኝ።»

«እኔም ይቅርታ አባባ» አለች ድምቡሼ።

«ወለሉስ?» አሉ ርዕሰ መምህርቷ።

«እኔ አጥባለሁ።»

ጉልበቷ እስኪቀላ ፈገፈገች። እናቷ አላገዘቻትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ መጋረጃዋን ሰፋች። ከመተኛቷ በፊት ድምቡሼ እግዚአብሔርንም ይቅርታ ጠየቀች።

ከዚያ ወዲያ ለብዙ ቀን፣ ባርኔጣዋን ብታወልቅም አባቷ «እርግጠኛ ነሽ?» ይላት ነበር። ከወለሉ ይልቅ ይህ ከበዳት። አንድ ጠዋት ግን ሳይጠይቃት ቀረ።

ልጆች፣ በሐሳባችሁ የፈለጋችሁትን ባሕር ፍጠሩ፤ ጥፋታችሁን ግን በሌላው ላይ አታላክኩ።

አንድ ነገር ሲከነክነኝ ቆየ። አባትየው ከመጀመሪያው ገብቶት፣ ራሷ እስክትናገር ዝም ብሎ እየጠበቀ ይሆን? በኋላ ቀለም ቀቢውን አግኝቼ ጠየቅሁት።

«አይ፣ ምንም አላወቅሁም» አለኝ። «አምኛት ነበር።»